ክንፉን የሚያይ ሰው

በሥራ ቦታዋ በስሟ የሚጠራት የለም። «ፍሬን» ነው የሚሏት፤ በዕድሜ የሚያንሷት ደግሞ «እትዬ ፍሬን»። ቅጽል ስሙ መጀመሪያ ሲወጣላት «ፍሬን የለሽ» ነበር፤ ምላሷን የሚይዝላት ነገር የለም ለማለት። ሥራ የበዛበት ሰው ስም ማሳጠሩ አይቀርምና እያደር «የለሽ» ተቆርጦ ቀረ። የሚያስቀው ነገር፣ በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ እንደ እሷ የፍሬን አያያዝ የሚያውቅ ሹፌር አልነበረም።

ሥራዋ አውሮፕላን መግፋት ነው። አውሮፕላን ሰማይ ላይ የፈለገውን ያህል ይኩራ፣ መሬት ላይ በራሱ ወደ ኋላ መሄድ አይሆንለትም። ተሳፋሪው ተቀምጦ በሩ ከተዘጋ በኋላ ከፊት ጎማው ጋር ረጅም ብረት አያይዞ ወደ ኋላ የሚገፋው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው እሷ ናት። አጭርና ወፍራም ትራክተሯ ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ከፓይለቱ ጋር እየተነጋገረች ትገፋለች። ከመግፋቷ በፊት የፊት ጎማው ላይ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ፒን ትሰካለች፤ መሪው ከፓይለቱ እጅ ወጥቶ እሷ እጅ የሚገባው በዚያ ፒን ነው። ስትጨርስ ትነቅለውና ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች። ፓይለቱ ያንን ቀይ ጨርቅ በዓይኑ ሳያይ፣ አለቃ ቢጮህ ተሳፋሪ ቢያጉረመርም፣ ንቅንቅ አይልም።

ከተቀመጠችበት ሆና የማታየው አንድ ነገር ቢኖር የክንፎቹን ጫፍ ነው። ስለዚህ በግራም በቀኝም ከክንፉ ጫፍ ሥር አንዳንድ ክንፍ ጠባቂ፣ ብርቱካናማ በትሮች ይዞ አብሮ ይሄዳል። መንገዱ ክፍት ከሆነ በትሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይይዛል፤ መሰላል ወይም መኪና ወይም ሰው ካለ በትሮቹን ከአናቱ በላይ ያጣምራል። ያኔ ሁሉም ነገር ይቆማል። እንዲያውም የሜዳው ሕግ ከዚህም ያልፋል፤ አደጋ ያየ ማንም ሰው፣ ሻንጣ ተሸካሚም ይሁን ጠራጊ፣ ባዶ እጁን ከአናቱ በላይ ካጣመረ አውሮፕላኑ መቆም አለበት። «አንተ ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በቀኝ ክንፍ ሥር የሚሄደው ባሏ ነው። «ክንፌ» ትለዋለች፤ ሌላውም ከእሷ ሰምቶ ክንፌ ይለዋል። እሷ ስታወራ ውላ ብታድር አይደክማትም፤ እሱ «አዎ» ለማለት እንኳ ሁለቴ ያስባል። የተዋወቁት እዚያው ሜዳ ላይ ስለሆነ «በሞተር ጩኸት መሀል በእጅ ምልክት ነው የጠየቀኝ» ብላ ትቀልዳለች። ቤታቸውም ውስጥ የእጅ ንግግሩ አልቀረም። ልጃቸው ስታጠና እንዳይረብሿት በምልክት ያወራሉ። እሷ ነገር ስታበዛ ደግሞ እሱ ከተቀመጠበት ሆኖ ሁለት ማንኪያ ከአናቱ በላይ ያጣምራል። ትስቅና ዝም ትላለች። እሷን ማስቆም የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነበር።

እንዲህ እየኖሩ ሳለ ሁለት አየር መንገዶች ሊዋሃዱ ነው የሚል ወሬ መጣ፤ ወሬው ሳይበርድ እውነት ሆነ። አንዱ ለሠራተኞቹ ሰማያዊ ሰደርያ የሚያለብሰው የእሷ ድርጅት ነው። ሌላው ቀይ የሚያለብሰው፣ ታናሽ ወንድሟ ሻንጣ የሚጭንበት ነው። ሠራተኛው «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» እያለ ሲያጉተመትም እሷ «ሲጋቡ ደግሞ ሣሩ ላይ ነው የሚተኙት» አለች። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ብዙ ሳይቆይ ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። አንድ አውሮፕላን የሚገፋው ሦስት ሰው ወደ ሁለት ይወርዳል ተባለ፤ ሹፌርና አንድ ክንፍ ጠባቂ ብቻ። አንዱን ክንፍ ሰው ይየው፣ ሌላውን ፈጣሪ። የተረፉት ክንፍ ጠባቂዎች ደግሞ ወደየቤታቸው።

የሜዳውን ሥራ የሚመራው ሥራ አስኪያጅ ንጹሕ ለባሽ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ትሑት መሳይ ሰው ነው። የሚወዳት ቃል «ለጊዜው» ናት። የሻይ እረፍቱን ያሳጠረው ለጊዜው ነው፤ የዝናብ ልብስ ማደሉን ያቆመውም ለጊዜው ነው። «አቶ ለጊዜው» የሚል ስም ወጥቶለታል። እሱ ለጊዜው ብሎ ከወሰደው ነገር የተመለሰ አለ የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ቀዮቹ የሠራተኛ ማኅበር አላቸው፤ ሰማያዊዎቹ የላቸውም። አሁን የሁለቱም የምድር ሠራተኞች አንድ ላይ ድምፅ ሰጥተው፣ ማኅበሩ ሁሉንም ይወክል ወይስ ይፍረስ የሚለውን ሊወስኑ ነው። አቶ ለጊዜው ሥራ አልፈታም። ሰማያዊዎቹን «ማኅበሩ የቀዮቹ ነው፤ ከኋላቸው ነው የሚያሰልፋችሁ» አላቸው። ቀዮቹን ደግሞ «ሰማያዊዎቹ ማኅበራችሁን ሊያፈርሱባችሁ ነው» አላቸው። ሁለቱም አመኑት። በአንድ ቧንቧ እጃቸውን ሲታጠቡ የኖሩ ሰዎች ሰላምታ መነፋፈግ ጀመሩ።

እሁድ ዕለት ወንድሟ ቤቷ መጣ።

«እታለም» አላት ገና ሳይቀመጥ። «ሰማያዊዎቹ የሚያዩት አንቺን ነው። አንቺ እሺ ካልሽ እሺ ይላሉ።»

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«ማኅበሩን ነዋ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

«ድሩንማ አውቀዋለሁ። የታሰረ አንበሳ ካለህ እሱን አሳየኝ።»

እንዲህ የምትለው በከንቱ አልነበረም። በወጣትነቷ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርታለች። እዚያ ሠራተኛው እልል ብሎ የመረጠው የማኅበር ሊቀመንበር ዓመት ሳይሞላው በአለቆቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሲያሰናብት በዓይኗ አይታለች። ከተሰናበቱት አንዷ እሷው ነበረች። ከዚያ ወዲህ የደረሰባትን ሁሉ ብቻዋን ጮኻ፣ ብቻዋን ተሟግታ፣ ብቻዋን አስመልሳ ነው የኖረችው። «ማን ነው እዚያ የሚጮኸው?» ሲባል «እኔ ነኝ!» ማለት ትወዳለች።

«አፌ ማኅበሬ ነው» አለችው።

«አፍሽ እኮ ላንቺ ብቻ ነው የሚበቃው።»

«ላንተም ይተርፍሃል። ቁጭ በልና ምሳህን ብላ።»

ክንፌ ጥግ ይዞ ድንች እየላጠ ነበር። የሁለቱንም እየሰማ መላጡን ቀጠለ።

በማግስቱ ፎቅ ወጣች። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ አንዱ ግድግዳ ሙሉ መስታወት ነው። ሜዳው ከዚያ ላይ ሲታይ ጩኸት የለው፣ የነዳጅ ሽታ የለው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ይመስላል። እሷ አልተቀመጠችም። የሰው ሕይወት በምን እንደሚጠበቅ ነገረችው፤ ስለ ክንፍ ነገረችው፤ በመጨረሻም ባሏ ዕድሜውን ሙሉ በጸሐይና በዝናብ የተመላለሰበትን ሥራ ነጥቀው ሜዳ ላይ ሊጥሉት እንደሆነ እየጮኸች ነገረችው። ሰውየው እጆቹን አጣምሮ ሰማት።

«ገብቶኛል እትዬ» አላት ስትጨርስ። «የእርስዎ ቡድን በሦስት ሰው ይቀጥል። ባለቤትዎም አብረውዎት ይቆያሉ። ብቻ ለጊዜው ለሌሎቹ አይንገሩብኝ።»

ደረጃውን ስትወርድ እግሯ መሬት አልነካም። አይ ፍሬን! ሰው ዘመኑን ሙሉ በጥንቃቄ ነድቶ ነድቶ፣ የሚስተው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው።

ማታ ቤት ገብታ የምሥራቹን ስትነግረው ክንፌ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። ካውያውን አቁሞ አያት።

«ዛሬ በቀዮቹ በኩል የሆነውን ሰምተሻል?» አላት።

«ምን ሆነ?»

«በሁለት ሰው ሞከሩት። በግራ በኩል ሰው አልነበረም። ምግብ የምትጭነው መኪና ሣጥኗን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ቆማለች። ክንፉ ሊደርስባት ትንሽ ሲቀረው ጠራጊዋ አየች። መጥረጊያዋን ወርውራ እጇን አጣመረች። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ።»

«ውይ! ተረፉ?»

«ተረፉ። ሹፌሩን ግን አገዱት። ለጊዜው።»

«ታዲያ እኮ እኔም ለዚህ ነው የጮኽኩት! አንተ ትቀራለህ እያልኩህ ነው!»

«ያንቺን ክንፍ እኔ አያለሁ። የሌላውን ማን ያያል?»

«የሌላውን ሌላው ይጩህለት! አፍ የለውም?»

ክንፌ እጆቹን ከአናቱ በላይ አጣመረ። ማንኪያ አልያዘም፤ ፈገግታም አልነበረውም። እሷም አልሳቀችም። ቆሽቷ አርሮ ነበር፤ ደግሞም፣ ለማንም የማትናገረው ነገር ቢሆንም፣ ፈርታ ነበር።

«ቢያባርሩህስ?» አለች ድምፅዋ ተሰብሮ። «በዚህ ዕድሜህ፣ በዚህ ጉልበትህ ማን ይቀጥርሃል? ሌላ ሥራ አታውቅ! ቤት ተቀምጠህ እያየሁህ ልትሟሽሽብኝ ነው?»

«እኔም እፈራለሁ» አላት። ከዚያ ወደ ሸሚዙ ተመለሰ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሁሉም ሠራተኛ ሻንጣ መለያው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። ሻንጣ የሚያመላልሰው የጎማ ቀበቶ ቆሟል። ቀዮቹ በአንድ በኩል፣ ሰማያዊዎቹ በሌላ በኩል ቆመዋል፤ መሀላቸው መኪና ያሳልፋል። አቶ ለጊዜው ዝቅተኛ ጋሪ ላይ ወጥቶ ስለ አንድ ቤተሰብነት አወራ፤ ቢሮው ለሁሉም ክፍት እንደሆነ አወራ። ከዚያ ዓይኑን ሰማያዊዎቹ መሀል ጣለ።

«ማስረጃ የሚፈልግ ካለ እትዬ ፍሬንን ይጠይቅ» አለ ፈገግ ብሎ። «በራሳቸው እግር መጡ፤ በራሳቸው አፍ ጠየቁ። ቡድናቸው በሦስት ሰው ይቀጥላል፤ ባለቤታቸውም ከሥራቸው ንቅንቅ አይሉም። ያለ ማኅበር! ያለ ሁከት! ታዲያ መሀላችን ደላላ ምን ያደርግልናል?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከሌላ ቡድን የሆነች ክንፍ ጠባቂ፣ ከፍሬን ጋር ምሳዋን ተካፍላ የምትበላ፣ ገና ትናንት «ምን ይውጠኝ ይሆን?» ብላ ያዋየቻት ሴት፣ አንገቷን ደፋች። ወንድሟ ከቀዮቹ መሀል አያት፤ አልተቆጣም፤ አዘነላት እንጂ። ፍሬን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ያ «አፌ ማኅበሬ ነው» ያለችበት አፏ፣ አቶ ለጊዜው እጅ ገብቶ ሌላውን ሰው መምቻ ሆኗል።

ደሟ ፈላ። «አንተ...» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ ሊመጣ የነበረው ስድብ እዚህ የሚጻፍ አልነበረም። ግን ከአዳራሹ ጥግ ሁለት ብርቱካናማ በትሮች ከሰዉ አናት በላይ ተጣመሩ። ክንፌ ነው። ዘመኑን ሙሉ ያንን ምልክት ሲያይ መቆም የለመደ ሠራተኛ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ እሷም ዋጠች። ክንፌ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ በትሮቹን ለያይቶ፣ ክፍት መንገድ ላይ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ጠራት፦ ነይ፣ ነይ፣ ቀጥ ብለሽ ነይ።

«እውነቱን ነው» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ለባሌ ለምኛለሁ። ስለ እናንተ አልተነፈስኩም። ነውሩ የእኔ ነው። የሰጡኝን ደግሞ እዚሁ ፊታችሁ መልሻለሁ።»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ» አለ አቶ ለጊዜው አጠገቡ ላሉት።

«እንዲህ ብሎ የሚተርተው አሳሪው ነው! በቅሎዋን ማን ጠየቃት?» አለች። ከቀዮቹ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ ከሰማያዊዎቹም።

«ስሙኝ። በዚህ ሜዳ ላይ ጠራጊ እጇን ብታጣምር ያ ሁሉ ብረት ቀጥ ይላል። ፎቅ ወጥታ ብታጣምር ግን ጥበቃ ጠርተው ያስወጧታል። እኔን አላስወጡኝም፤ ገዝተው ሰደዱኝ። የእኔ ይብሳል! ማኅበሩን አላመልከውም። ሊቀመንበር ሲከዳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይሄኛውም ቢከዳ እጃችንን አጣምረን እናስቆመዋለን። እኔ ግን ከእንግዲህ ብቻዬን ፎቅ አልወጣም። ብወጣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

መጀመሪያ ያጨበጨበችው ያቺ አንገቷን የደፋችው ክንፍ ጠባቂ ነበረች።

ድምፅ የተሰጠው በማግስቱ ከምሳ በኋላ ነው። ሳላቆያችሁ ልንገራችሁ፤ ማኅበሩ አለፈ፣ ያውም በሰፊው። የሜዳው ሰው ግን ዛሬም ድረስ «ያለፈው ጠዋት ነው» ይላል። ጠዋት የሆነው እንዲህ ነው።

ፍሬን ሥራ ስትገባ የሁለት ሰው ትእዛዝ ጠበቃት። ክንፌን የጠፋ ሻንጣ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ እንዲሠራ መድበውታል፤ በትሮቹንም ተቀብለውታል። ለጊዜው። ተሳፋሪው ገባ፤ በሩ ተዘጋ። ብረቱን አያያዘች፤ ፒኑን ሰካች፤ ትራክተሯ ላይ ወጣች። በግራ ክንፍ ሥር የቡድኗ ሰው ቆሟል። በቀኝ ክንፍ ሥር ባዶ ሲሚንቶ ነው።

«ምድር፣ ለመገፋት ዝግጁ ነን» አላት ፓይለቱ በማዳመጫው።

«እኔ ዝግጁ አይደለሁም።»

«ችግር አለ?»

«ቀኝ ክንፍዎን የሚያይ ሰው የለም።»

«እና ምንድን ነው የምንጠብቀው?»

«ሰው።»

«እሺ» አለ። «ክንፉ የእኔም ነው። እንጠብቃለን።»

ደረቷ ላይ የተሰካው ሬዲዮ መጮህ ጀመረ። «እትዬ፣ ይግፉ! አውሮፕላኑ እየዘገየ ነው፤ ይግፉ እንጂ!» ፍሬን ወረደች። ከትራክተሯ ጎማ ሥር ታኮ አስገባች፤ ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ ከአውሮፕላኑ ፊት ለፊት ቆማ እጆቿን ከአናቷ በላይ አጣመረች። የግራው ክንፍ ጠባቂ አይቷት በትሮቹን አጣመረ። ነዳጅ ሲሞላ የነበረው ሰው አጣመረ። የቀዮቹ ጠራጊ፣ ያቺው፣ መጥረጊያዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ አጣመረች። እስከ ሜዳው ጫፍ ድረስ ቀዩም ሰማያዊውም እጁን አንሥቶ ቆመ። ሞተሮች አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ የማይንቀሳቀስ ሜዳ በዚያ ሰዓት አይታ አታውቅም።

ያኔ የጠፋ ሻንጣ ክፍሉ በር ተከፈተ። ክንፌ ወጣ። ከጎኑ ቀይ ሰደርያ የለበሰው የሚስቱ ወንድም አለ፤ የራሱን ድርጅት በትሮች አምጥቶ ለአማቹ ያቀብለዋል። ክንፌ አልቸኮለም፤ ቸኩሎ አያውቅም። ባዶውን ሲሚንቶ አቋርጦ ሄዶ ከቀኝ ክንፍ ጫፍ ሥር ቆመ። ግራና ቀኝ አየ፤ ወደ ኋላም አየ። በትሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያዘ።

እጆች ሁሉ ወረዱ። ታኮውን አነሣች፤ ወጥታ ገፋች። እንዲያ ለስላሳ አገፋፍ ገፍታ አታውቅም።

ስትጨርስ ብረቱን ፈታች፤ ፒኑን ነቅላ ቀዩን ጨርቅ ለፓይለቱ ከፍ አድርጋ አሳየችው። ፓይለቱ ከመስታወቱ ጀርባ እጁን አነሣላት። ሌላ ቀን ቢሆን ፒኑን ጠቅልላ ኪሷ ትከተው ነበር። ዛሬ ግን ዞረች፤ ጨርቁን እንደያዘች ወደ ፎቁ መስኮት ከፍ አድርጋ አሳየች። ክንዷ እስኪዝል አላወረደችውም።

ሬዲዮው ደረቷ ላይ አንባረቀ። «ያንን ሰው ማን ነው ሜዳ ያስገባው? ስሙን ነው የምፈልገው! ማን ነው?»

አፏ በልማድ ሊመልስ ተከፈተ። ከዚያ ወደ ክንፉ ጫፍ አየች፤ ወደ ወንድሟ፣ ወደ ጠራጊዋ፣ በሜዳው ላይ ቆመው ወደሚያዩዋት ሁሉ አየች። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች።

«እኛ ነን» አለች።